ካሳው የተናገረው ቁጥር

ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ የማሽላው እርሻ በሚጀምርበት ቦታ፣ አንድ እግር ጫማ ብቻውን ቆሞ ነበር። ባለቤቱን ገበሬዎች ጎህ ሲቀድ ወድቆ አግኝተውት በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወስደውታል። በፖሊስነት ዘመኔ ብዙ ክፉ ነገር አይቻለሁ፤ ባለቤት የሌለው ጫማ ግን እስካሁን አልለመድኩትም።

«ኢንስፔክተር ሸረፈዲን» አለኝ አብሮኝ የመጣው ፖሊስ፣ «የተገጨው ካሳው ነው ይላሉ። ጎሚስታው።»

«የትኛው ካሳው?»

«ኧረ ስንት ጎሚስታ ካሳው አለን?»

መልሱን አጥቼው አይደለም፤ ሌላ ካሳው ቢሆንልኝ ብዬ ነው። ካሳውን በቆቦ የማያውቅ የለም። ጎማ ሲጠግን ባለመኪናውን እየሰደበ ነው፤ የተሰደበውም እየሳቀ ከፍሎ ይሄዳል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት ሽንኩርቱን ውሃ ሊያጠጣ ወደ መስኖው ይወርዳል። ዛሬም እንደዚያው ወርዶ ነበር።

አስፋልቱን ጎንበስ ብዬ አየሁት። መሀል ላይ አንድ ጉድጓድ አለ። ከጉድጓዱ ጀምሮ ብረት የጫረው የሚመስል ቀጭን መስመር ታጥፎ ወደ ዳር ይወጣል፣ ደሙ ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ ተመልሶ መንገዱን ይዞ ወደ ቆቦ ይሄዳል። ጥቂት ሄዶ ይጠፋል። የፍሬን ምልክት የለም። ሣሩ ውስጥ መዳፍ የምታህል የጎማ ቁራጭ አገኘሁና በላስቲክ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኳት።

የፈራሁት ሌላ ነው። የካሳው ዘመድ ብዙ ነው፤ ብዙውም መሣሪያ አለው። በእኛ አገር ሰው ገጭቶ ያመለጠን የሚፈልገው ፖሊስ ብቻ አይደለም። እኔ ካልቀደምኩ ዘመድ ይቀድመኛል፣ ዘመድ ደግሞ ቁጭ ብሎ ምስክር አይሰማም።

ሆስፒታል ስደርስ ካሳው አርፏል። ታናሽ ወንድሙ ደምሴ ግድግዳውን በግንባሩ ተደግፎ ቆሟል። ሊያገባ ቀን የቆረጠ፣ የሰርጉ ድንኳን የታዘዘ ልጅ ነው። አጠገቡ ሚዜ ሊሆነው የነበረው ጓደኛው መንሱር ትከሻውን ይዞታል። መንሱርን ሁሉም የሚያውቀው በቀይዋ ቶዮታው ነው፤ የድሮ ማርክ ቱ ናት፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ከሮቢት ስትነሳ ድምጿ ቆቦ የሚሰማ። ሙሽሮቹን የምትወስደው እሷ ነበረች።

«ነፍስ ይማር» አልኩት ደምሴን። «ስትደርስ በሕይወት ነበር?»

«ነበረ። ተናግሮኛል።»

«ምን አለህ?»

ደምሴ ከኪሱ የሲጋራ ፓኮ ክዳን አውጥቶ ሰጠኝ። በእስክሪብቶ 20540 ተብሎ ተጽፎበታል።

«የገጨው መኪና ታርጋ ነው። ቁጥሩን ነግሮኝ ነው የሞተው።»

«ኮዱንስ?»

«ኮዱን አልነገረኝም። ኢንስፔክተር፣ እኔ ላንተ የሰጠሁህ ለሕግ ብዬ እንዳይመስልህ። ዘመዶቼም ይዘውታል። ማን እንደሚቀድም እናያለን።»

«ደምሴ፣ ሰርግህ እኮ...»

«ምን ሰርግ አለ ከእንግዲህ!»

መንሱር አንገቱን ደፍቶ «አብሽር፣ አብሽር» ይለዋል። ዐይኑ ደም መስሏል። ለጓደኛው ወንድም እንዲህ የሚያለቅስ ሰው አይቼ ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው።

መኪናውን ለማግኘት አልደከምንም። ኮድ ሦስት፣ 20540፣ አይሱዙ፤ ሾፌሩ ኡበይድ የሚባል የሮቢት ልጅ። ከሮቢት ወዲያ ጎብዬ ከተማ ላይ ሽንኩርት ጭኖ ሊነሳ ሲል ደረስንበት። የካሳው ዘመዶች ከመድረሳቸው በፊት ከነመኪናው ወደ ቆቦ ስናመጣው በጣቢያው በር ላይ ሰው መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። ጩኸት የለም፤ ዝም ብለው ነው የቆሙት። እኔ የሚጮህ ሰው እመርጣለሁ።

«ወላሂ ካሳውን አልነካሁም» አለ ኡበይድ። እጁ አርፎ አይቀመጥም፤ ጠረጴዛውን ይዳስሳል፣ ጉልበቱን ይዳስሳል። «የኔን ጎማ የሚሠራው እሱ አይደለም እንዴ? ወንድሜ ማለት ነው።»

«ትናንት የት አደርክ?»

«ጎብዬ። ሽንኩርቱ ተጭኖ እስኪያልቅ እዚያው ጋቢና ውስጥ ተኛሁ። ጠዋት ጀዊሪያ ቤት ሻይ ጠጥቻለሁ።»

«ጠዋት ስንል መቼ ነው?»

«ሱብሂ ሰግጄ እንደወጣሁ። ጠይቃት! በሩን ያስከፈትኳት እኔ ነኝ፣ ሰድባኛለች።»

«ታርጋህን ሌላ ሰው አስሮት ያውቃል?»

«ታርጋ ልብስ ነው እንዴ የሚዋዋሱት?» ካለ በኋላ አፉን ያዘ። «ይቅርታ። ፈርቼ ነው። የውጪዎቹን ሰዎች በመስኮት አየኋቸው። ይገድሉኛል አይደል?»

አይገድሉህም ማለት ነበረብኝ። «ሻይ ያምጡልህ?» አልኩት።

ጎብዬ ወርጄ ጀዊሪያን አገኘኋት። ሻይ ቤቷ መንገዱ ዳር ነው፤ እሷም ጥያቄዬን አስጨርሳኝ የምትመልስ ዓይነት ሰው አይደለችም።

«ኡበይድ? ያ ከንቱ! እሳቱ ሳይያያዝ በሩን ሊሰብረው ነበር። ጫኞቹም ነበሩ፣ ጥራቸው። ካሳው ወደቀ የተባለው ስንት ሰዓት ነው? እንግዲያማ ያን ጊዜ እሱ እዚህ ዳቦዬን እየበላ ነው።»

ጫኞቹን ጠራኋቸው፤ ሁሉም ያንኑ አሉ። የኡበይድ መኪና ላይ ጭረት የለም፣ ጎማዎቹ ሁሉ ደህና ናቸው። ወደ ቆቦ ስመለስ የምሥራች ይዤ የምመለስ ሰው መምሰል ነበረብኝ፤ ግን አልሆነልኝም። ሟች በሞቱ ሰዓት ይዋሻል ብሎ ለደምሴ የሚነግረው ማን ነው?

ኮማንደር አያሌው ሪፖርቱን ሰምቶ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ልጁን ልቀቀው።»

«ጌታዬ፣ ከወጣ ይመቱታል።»

«ንጹህ ነው እያልከኝ አይደለም እንዴ?»

«ንጹህ ነው። ለራሱ ደህንነት ግን...»

«ንጹህ ሰው በየትኛው ሕግ ነው የማስረው? ሽንኩርቱ ግቢያችን ውስጥ እየበሰበሰ ነው። ትክክለኛውን ሰው አምጣልኝ፣ ያን ጊዜ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል።»

ልክ ነው፤ ያናደደኝም ልክ መሆኑ ነው። እስከ ከሰዓት እንዲያቆየው ለምኜ ወጣሁ። ኪሴ ውስጥ የቀረችኝ ያቺ የጎማ ቁራጭ ናት።

ራዊያ የካሳው ሸሪክ ናት። እሱ ይጠግናል፣ እሷ አዲስ ጎማ ትሸጣለች። ሱቁን ግማሽ በር ብቻ ከፍታ፣ ጥቁር ሻርፕ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ተቀምጣለች። ቁራጯን ተቀበለችኝና በጣቶቿ መሀል አጠፈቻት። እንደ ወረቀት ታጠፈች።

«ይኼ የአይሱዙ አይደለም» አለች። «የከባድ መኪና ጎማ ጎኑ ይኼን ያህል ቢሳሳ ሽንኩርት አይደለም ቃሪያ አይጭንም። የቤት መኪና ነው፤ ያውም ለቁንጅና የተገዛ።»

ይኼን እያለችኝ አንድ ሾፌር በግማሹ በር አንገቱን አስገባ።

«ራዊያ፣ አላህ ያጽናሽ። በዚህ ሰዓት መጠየቅም ነውር ነው፣ አንድ ጎማ ቸግሮኝ ነው።»

«ቁጥሩ ስንት ነው?»

«መቶ ሰማንያ አምስት፣ ሰባ።»

«ባለ አስራ አራቱን ነው? ነገ ና፣ ዛሬ አልሸጥም።»

ሰውየው ሄደ። የፓኮውን ክዳን አወጣሁ። 20540። ታርጋ ቢሆን እኛ «ሃያ ሺህ አምስት መቶ አርባ» እንላለን፤ የቸኮለ ሰው ደግሞ «ሁለት ዜሮ አምስት አርባ» ይላል። በራዊያ አነባበብ ደግሜ አነበብኩት።

«ራዊያ፣ ሁለት መቶ አምስት፣ አርባ የሚባል ጎማ አለ?»

«ምነው የለም! አስራ ሰባት ቸርኬ ላይ የሚገባ...» አለችና ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። ቁራጯን ደግማ አየቻት። «ያ ረቢ!»

«እኔ መኪና የለኝም፤ እንደ ልጅ አስረጂኝ።»

«ሁለት መቶ አምስቱ ስፋቱ ነው፣ በሚሊሜትር። አርባው የጎኑ ቁመት ነው፤ የስፋቱ ከመቶ አርባ እጅ ማለት ነው። አንድ መኪና ከፋብሪካ አስራ አምስት ቸርኬ፣ የጎማው ብረት ማለቴ ነው፣ መቶ ዘጠና አምስት፣ ስልሳ አምስት ጎማ አድርጋ መጣች እንበል። ባለቤቷ እንድታምር፣ መሬት እንድትይዝ ብሎ ቸርኬውን አስራ ሰባት ሊያደርገው ይፈልጋል። ያድርገው! ቸርኬው ሲያድግ የጎማው ጎን ይቀንሳል፤ ጠቅላላ ቁመቱ ግን ከድሮው ጋር እኩል መምጣት አለበት። እኩል የሚመጣለት ባለ ሃምሳው ነው። ባለ አርባው አራት ሴንቲሜትር ገደማ ያጥራል። መኪናዋ ዝቅ ትላለች፣ ልጆቹ የሚወዱትም እሱን ነው። ግን ጎኑ ስስ ነው፣ የሚሸከመውም ክብደት ትንሽ ነው። በኛ መንገድ በፍጥነት ጉድጓድ ከገባ ቸርኬው ራሱ ጎማውን ይቆርጠዋል። ካሳው ይኼን ሲያስረዳው ነው የተጣሉት።»

«ከማን ጋር?»

ራዊያ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበችው።

«ባለ ሃምሳውን ከደሴ አዝዘንለት ነበር። ዘገየ። ለሰርጉ መድረስ አለብኝ ብሎ ወልድያ ሄዶ ባለ አርባውን አስገጠመ። ካሳው አልገጥምም ያለው ለሱ ብሎ ነበር እኮ፣ እንደ ታናሽ ወንድሙ ነበር የሚያየው።»

«ስሙን ንገሪኝ።»

«መንሱር» አለችኝ፣ እያለቀሰች።

ወደ ለቅሶው ድንኳን የሄድኩት በሩጫ ነው ብል ይሻላል። መንሱር ያን ጠዋት ከሆስፒታል የወጣው በባጃጅ እንደነበር ትዝ አለኝ። መስጊድ እንኳ በመኪና የሚሄድ ልጅ! ዐይኔ እያየ አላየሁም።

ደምሴን ከድንኳኑ ጀርባ ጠራሁት። ክላሹን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ።

«ወንድምህ ያለህን አንድ በአንድ ድገምልኝ። የተጻፈውን አይደለም፣ ከአፉ የወጣውን።»

«ነገርኩህ እኮ።»

«ድገመው፣ በሞቴ።»

ዐይኑን ጨፈነ። «'ደምሴ' አለኝ። 'ቁጥሩ ነው' አለኝ። 'ሁለት መቶ አምስት፣ አርባ። ቁጥሩ ነው፣ ቁጥሩ ነው።' ከዚያ 'እሱን...' አለና ቀረ።»

«እሱን ምን?»

«አልጨረሰውም። እሱን ግደልልኝ ነዋ! ሌላ ምን ሊል ነው?»

«አላለም ግን።»

የክላሹን ማንገቻ ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

«ታርጋ ነው ያለህስ ማን ነው? ካሳው ታርጋ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ይኼን ክዳን ላይ የጻፈው ማን ነው?»

ደምሴ ዐይኑን ገልጦ ቀስ ብሎ ወደ ድንኳኑ ዞረ። መንሱር ወንበር ተሸክሞ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ለሽማግሌዎቹ ቦታ ያመቻቻል፣ ውሃ ያቀርባል፤ ከሟች ዘመድ በላይ ዘመድ ሆኗል።

«እሱ ነው የጻፈው» አለ ደምሴ። ድምፁ ሌላ ሆነብኝ። «ሆስፒታል እንደደረሰ ነገርኩት። 'ታርጋ ነው' ብሎ ጻፈልኝ።»

ክላሹን ከትከሻው ሲያወርደው ሁለት እጁን ያዝኩት። መንሱር ዞር ሲል አየን። ወንበሩን መሬት አስቀመጠና ወደ እኛ መጣ። ሊሸሽ ይችል ነበር፤ አልሸሸም። ይኼን ለሱ እቆጥርለታለሁ፣ ሌላው ላይ ይቅር ባልለውም።

«ደርሳችሁበታል» አለ።

«መኪናህ የት ናት?»

«ከአባቴ የማሽላ መጋዘን ውስጥ። የድሮውን ጎማ መልሼላታለሁ።» ደምሴን ማየት አልቻለም፤ ለኔ ነው የሚናገረው። «ልሞክራት ወጥቼ ነበር። ከሮቢት ስመለስ ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁ። ጎማው ፈነዳ፣ መሪው ከእጄ ወጣ። ወርጄ ሳይ የገጨሁት አያ ካሳው ነው። ጎማውን በእጁ እየዳሰሰ ነው። 'ባለ አርባው ነው አይደል? አላልኩህም?' አለኝ። አልተቆጣኝም ደምሴ፣ ወላሂ አልተቆጣኝም። ሰው ልጥራ ብዬ መኪናዋ ውስጥ ገባሁ፤ ከዚያ ፈራሁና ዝም ብዬ ነዳሁ።»

«ታርጋ ነው ያልከውስ ለምንድን ነው?» አልኩት።

«ደምሴ ቁጥሩን ሲነግረኝ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። እንዲህ ያለ ታርጋ የሚኖር አልመሰለኝም፣ ፈልገው ሲያጡ ይተዉታል ብዬ...»

«ኖረ» አልኩት። «ባለቤቱም አለ።»

ደምሴ መሣሪያውን ከእጄ ሊያስለቅቅ ይታገላል። ጆሮው ሥር ተጠግቼ ነገርኩት፤ «ስማኝ። ቁጥሩ ነው ያለህ፣ ቁጥሩ ይኼ ነው ማለቱ አይደለም። ጥፋቱ የቁጥሩ ነው ማለቱ ነው። ሦስት ጊዜ ነው የነገረህ። ትንፋሹ እያለቀ ያን የደጋገመው ለምን ይመስልሃል?»

ያን ጊዜ ስልኬ ጠራ፤ ጣቢያ የተረኛው ፖሊስ ነው። ኮማንደሩ ኡበይድን ለቆታል። ሽንኩርቱን ይዞ ወደ ሮቢት ወጥቷል።

ደምሴ ሰማ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ድልድዩ ላይ ናቸው» አለኝ። «የአጎቴ ልጅ አላምረውና ሌሎቹ። ከተለቀቀ ብለው ከጠዋት ጀምሮ ይጠብቁታል።»

«ደውልላቸው!»

ደወለ። ደግሞ ደወለ። «እዚያ ኔትወርክ የለም።»

መንሱርን አብሮኝ ለመጣው ፖሊስ አስረክቤ ከደምሴ ጋር ፒካፑ ላይ ወጣን። ያን መንገድ ስንቴ እንደተመላለስኩበት እንጃ፤ እንደዚያ ቀን ግን ረዝሞብኝ አያውቅም። በየጥምዝምዙ አይሱዙውን እፈልጋለሁ፣ የጥይት ድምፅ አዳምጣለሁ። ደምሴ ከጎኔ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ቀርቷል፤ የሚመልስ እንደሌለ እያወቀ። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ፤ «ልጆች አሉት?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። አለመጠየቄ አሳፈረኝ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ አይሱዙው ቆሟል። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ሦስት ሰዎች መሣሪያ ደግነዋል፤ ኡበይድ ከጋቢናው ወርዶ እጆቹን ራሱ ላይ አድርጎ በጉልበቱ ተንበርክኳል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ሸሃዳ እያለ ነው።

ደምሴ መኪናው ሳይቆም ዘለለ። ሮጦ ኡበይድ ፊት ቆመና እጁን ዘረጋ።

«እሱ አይደለም! ተሳስተናል፣ እሱ አይደለም!»

«ዞር በል» አለ አላምረው። ከሦስቱ በዕድሜ ታላቁ ነው። «አያ ካሳው የተናገረው ቁጥር ይኸው።»

«ታርጋ አይደለም፣ የጎማ ቁጥር ነው። የመንሱር ጎማ ነው።»

አፈ ሙዞቹ ዝቅ አሉ። የቀለለኝ ግን ለአንድ ትንፋሽ ብቻ ነው። አላምረው ፊቱን ወደ ቆቦ አዙሮ «እንግዲያው መንሱር የት ነው ያለው?» ሲል ሌሎቹ መሣሪያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው መራመድ ጀመሩ። የመንሱር አባት ቤት፣ ወንድሞቹ፣ አጎቶቹ በዐይኔ መጡብኝ። እነሱም መሣሪያ አላቸው። ደም የሚያደርቁት ሽማግሌዎቻችን፣ ዘወልዶች፣ መጥተው እስኪያስታርቁ ስንት ሰው ያልቃል?

«ቁሙ!» አለ ደምሴ። «አያ ካሳው ቃል ትቷል። እኔ እጅ ላይ ነው የሞተው። 'ቁጥሩ ነው፣ እሱን ተዉት' ብሏል።»

አላምረው ደምሴን ብዙ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ኢንስፔክተር፣ ደምሴ ቃሉን ሲሰጥ የተቀበልከው አንተ ነህ። እንዲያ ብሏል?»

እኔ ከደምሴ የሰማሁት «እሱን» እስከሚለው ብቻ ነው። ቃል ሲጎድል ሞልቼ አላውቅም፤ ሌላው ሲሞላም አስሬያለሁ። ደምሴ አላየኝም፤ መሬት መሬት ያያል።

«ብሏል» አልኩ። «እንዲያ ነው ያለው።»

አላምረው መሣሪያውን በአፈ ሙዙ መሬት አስደግፎ አንገቱን ደፋና፣ ከጠዋት ጀምሮ ያላለቀሰውን አለቀሰ። ሌሎቹ ድንጋዩን ከመንገዱ ማንሳት ጀመሩ።

ኡበይድ ብድግ ብሎ ጋቢናው ውስጥ ገባ። ደምሴ በሌላው በር ገብቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«እስከ ወልድያ አብሬህ እሄዳለሁ» አለው። «መንገድ ላይ ያልሰሙ ዘመዶች አሉን።»

ኡበይድ ራሱን ነቀነቀ። ቁልፉን ያዘው፤ ግን ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። ደምሴ እጁን ዘርግቶ አዞረለት።